ትልቁን ገንዘብ ሌላው ይከፍላል፤ ትንሹን ማን ይክፈል?

በየዓመቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት የቴሌግራም ቻናሎች በስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ይጥለቀለቃሉ። ቱርክ ተከፈተ፣ ሀንጋሪ ተከፈተ፣ ኢራስመስ ሊዘጋ ሳምንት ቀረው። እናቱ ጉልት የምትቸረችር ልጅ የትምህርት ክፍያው፣ ቲኬቱና የወር አበሉ ሁሉ እንደሚሸፈን ሲያነብ ጭንቁ ያለቀለት ይመስለዋል። ጭንቁ ያለው ግን ከዚያ በፊት ነው። ፓስፖርቱ፣ ትራንስክሪፕቱ፣ ከገጠር አዲስ አበባ ደርሶ መልሱ፣ የኢንተርኔት ፓኬጁ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው፤ ይህን ሁሉ የሚከፍል ስኮላርሺፕ እስካሁን አላየሁም። ጎበዝ ልጆች ደጋግመው ሲቀሩ ያየሁት እዚህች ትንሽ ገንዘብና እዚህች ትንሽ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከብዙዎቹ በተለየ ከታች ይጀምራል፤ ስለ «ራዕይ» የምንነጋገረው ቆይተን ነው።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱ

ማስታወቂያ ከማሳደዳችሁ በፊት ያላችሁን ወረቀት ሁሉ አውጥታችሁ ዘርጉት፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሳችሁ ደግሞ ዲግሪውንና ስቱደንት ኮፒውን ጨምሩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ። ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ተጽፏል ወይ?

የጸሐይ ስም በአንዱ ወረቀት በ«ቲ» ይጀምራል፣ በሌላው በ«ኤስ»። ወልደገብርኤል አንዱ ጋ አንድ ቃል ነው፣ ሌላው ጋ ሁለት። አንዱ ጸሐፊ እስከ አያት ጽፏል፣ ሌላው አባት ላይ አቁሟል። እኛ አገር ይህን ከጉዳይ የሚቆጥረው የለም፤ የውጭ አገር ሬጅስትራር ግን ሁለት ሰው አድርጎ ያየዋል። ፓስፖርት ያላወጣችሁ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ የፋይዳም የፓስፖርትም ፎርም ስትሞሉ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬታችሁን ይዛችሁ ሂዱና ፊደል በፊደል ከዚያ ገልብጡ። ስሙ በሰርተፊኬቱ ላይ በሚያስቅ ሁኔታ ቢጻፍ እንኳ አታርሙት። ፓስፖርቱ ቀድሞ ወጥቶ ልዩነት ካለው ትምህርት ቤታችሁ ወይም ዩኒቨርሲቲያችሁ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ይህን ደብዳቤ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀር ማግኘት አይቻልም፤ ማኅተም ያዡ መስክ ወጥቷል ትባላላችሁ።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅ በማመልከቻው ላይ «2015» ብሎ ቢሞላ ለአንባቢው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ ትክክለኛው 2023 ነው። ነገሩ ቀልድ አይደለም። የጀርመኑ የስኮላርሺፕ ድርጅት ዳአድ በብዙ ፕሮግራሞቹ የመጨረሻ ዲግሪያችሁ ከተሰጠ 6 ዓመት እንዳያልፈው ይጠይቃል፤ ያ ልጅ ድርሰቱ ሳይነበብ ከዝርዝሩ ይወጣል። የትውልድ ቀንም እንዲሁ፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙና ሁልጊዜ እሱን ገልብጡ። በጭንቅላት ማስላት ይቅር።

በጦርነቱ ወቅት ቤቱ የተዘረፈበት ወይም ትምህርት ቤቱ የወደመበት ሰው ደግሞ ሩጫውን ከፈረሰው ትምህርት ቤት አይጀምር። የብሔራዊ ፈተና ውጤት በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት መዝገብ ውስጥ ስላለ መነሻው እዚያ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሰው ደግሞ ወደ ራሱ ሬጅስትራር። ያላችሁን ሁሉ በስልክ ስካን አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ኢሜይል ላኩት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ፍላሽ ይቃጠላል።

ስለ ኮስት ሼሪንግ አንድ ነገር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲገባ የሚፈርመው የወጪ መጋራት ውል አለ፤ ያን ሳይጨርሱ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላክ አይቻልም። ብዙ ልጆች ይህን ሲሰሙ «ዕዳዬን ከፍዬ ነው የማመለክተው» ብለው ዓመት ያሳልፋሉ። አያስፈልግም። ለማመልከቻ አብዛኞቹ ስኮላርሺፖች የስቱደንት ኮፒውንና የጊዜያዊ ዲግሪውን ስካን ይቀበላሉ፤ ኦፊሻሉን የሚጠይቁት ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕዳው ስንት እንደሆነ አሁኑኑ እወቁ፣ ክፍያውን ግን ለኋላ አቆዩት።

የትኛው በር ለማን

የስኮላርሺፕ ዝርዝር ማንበብ አታካች ነው፤ የሚያዋጣው ከራስ ሁኔታ ተነስቶ መፈለግ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜያችሁ ነው። ችግር ከሁሉ በላይ የሚበላው ዕድሜን ነውና። ቤተሰብ ለመርዳት አረብ አገር ሄዳ አራት ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ በማታ ትምህርት 12ኛን የጨረሰች ሴት የቱርክ መንግሥትን የመጀመሪያ ዲግሪ ስኮላርሺፕ ልታገኝ አትችልም፤ አመልካቹ ከ21 ዓመት በታች መሆን አለበት። የኮሪያው ጂኬኤስ ለመጀመሪያ ዲግሪ እስከ 25 ያደርሳል። እዚህ ላይ አያቱ ቃኘው ሻለቃ ውስጥ የዘመተ ልጅ ካለ ማስረጃውን ይፈልግ፤ ለኮሪያ ዘማቾች ዘሮች ልዩ ግምት ይሰጣሉ። ያቺ ሴት ግን የመጀመሪያ ዲግሪዋን እዚሁ አገር ብትይዝ በማስተርስ በሩ ይሰፋላታል። የብሪታንያው ቼቭኒንግና የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ የዕድሜ ጣሪያ የላቸውም።

ቼቭኒንግ በተለይ ሕይወት ላደከማቸው ሰዎች የሚመች ነገር አለው። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ይህም ወደ ሁለት ዓመት ግድም ነው። የትርፍ ሰዓትና የበጎ ፈቃድ ሥራም ይቆጠራል። ሌላው «ሲቪዬ ባዶ ነው» እያለ ሲያፍርበት የኖረው የማስጠናት ሥራ፣ የወረዳ ጤና ጣቢያ በጎ ፈቃድ፣ የማኅበሩ ጸሐፊነት እዚህ ሰዓት ሆኖ ይደመራል። በምላሹ ከትምህርቱ በኋላ ሁለት ዓመት አገር ቤት መመለስን ግዴታ ያደርጋል። ኢራስመስ ሙንዱስ በበኩሉ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ቲኬትም ቪዛም ቤት ኪራይም ከዚያው የሚወጣ ነው። የማመልከቻው ወቅት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለውን ቃል አትመኑት፤ ዝርዝሩን አንብቡ። የሀንጋሪው ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም የትምህርት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጠው የወር አበል ግን 43,700 ፎሪንት ነው፣ ቡዳፔስት ውስጥ ለመኖር አይበቃም። ቲኬትም አይከፍልም። ይህን አውቆ የሚሄድ ሰው ይሄዳል፤ ሳያውቅ ቤተሰቡን አስበድሮ የሚሄደው ነው የሚጎዳው። ቱርክ በአንጻሩ ማደሪያ፣ ደርሶ መልስ ቲኬትና የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ያካትታል፤ ማመልከቻው ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ልዩ በሮች አሉ። ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ለተቸገሩ ወጣቶች የተዘጋጀ ስኮላርስ ፕሮግራም አለው፤ ከአገራችን የጎንደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች አጋሮቹ ናቸው። ሁለቱም በተለይ አካል ጉዳተኞችን ያስባሉ። በስደተኛ ካምፕ ያላችሁ፣ ወይም ኬንያና ሱዳን የተሰደዳችሁ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በዩኤንኤችሲአር የሚመራውን ዳፊን ጠይቁ፤ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስደተኞችን በተጠለሉበት አገር በዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁ እጅግ የላቀ ከሆነ እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉ የአሜሪካ ተቋማት የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አይመለከቱም፤ ከተቀበሏችሁ የጎደለውን ይሞላሉ። በእርግጥ ከመላው ዓለም ጋር ነው ፉክክሩ። በዚህ ብቻ ተስፋ ጥሎ መቀመጥ አይገባም።

አገር ውስጥ መማርን እንደ ሽንፈት የሚያዩ ልጆች አሉ፤ ተሳስተዋል። ገቢሳ እጀታን ተመልከቱ። በ1950 (እ.ኤ.አ.) ወለንኮሚ አጠገብ በሣር ጎጆ የተወለደ ልጅ ነው። ማንበብና መጻፍ የማያውቁት እናቱ «ትማራለህ» ብለው ቁርጥ አድርገው፣ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዶ ሳምንቱን ከትምህርት ቤቱ ሠፈር እየሰነበተ ተማረ። ከዚያ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያ ዓለማያ ኮሌጅ። አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ዓለማያ ከተመረቀ በኋላ በተዋወቀው የማሽላ ተመራማሪ ጋባዥነት ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አዳቅሎ ነው። ጅማን ዘሎ ፐርዱ መድረስ አይቻልም ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ዲላ ወይም ደብረ ማርቆስ ያዙ፤ ከአንድ ጥሩ መምህር ሥር ሥሩ በሉ።

ትንሹን ገንዘብ ማጠራቀም

አሁን ሒሳብ እንያዝ። አንድ ወረቀት ላይ ይህን ጻፉ፦ ፓስፖርት፣ ፓስፖርቱ የሚሰጥበት ከተማ ድረስ ትራንስፖርት፣ የትራንስክሪፕት ክፍያ፣ ኮፒና ስካን፣ ለሁለት ወር የኢንተርኔት ፓኬጅ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና። ከእያንዳንዱ ጎን መቼ እንደሚያስፈልግ ጻፉ። ያኔ የሚታያችሁ ነገር አለ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አያስፈልግም። ፓስፖርቱ ቀድሞ ነው፤ ክፍያው ስለጨመረ የዛሬውን ዋጋ አጣሩ። የእንግሊዝኛ ፈተናው ደግሞ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል።

ስለ ፈተናው ላብራራ። አይኤልቲኤስ ለብዙ ወጣት ከወር ደመወዝ በላይ ነው። ነገር ግን የእኛ ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ተከታትሏል» የሚል የሬጅስትራር ደብዳቤ ይቀበላሉ። ይህ ደብዳቤ በርካሽ ይገኛል፤ አንዳንዱ ቦታ በነጻ። ስለዚህ የምትፈልጉትን ፕሮግራም የመግቢያ መስፈርት አንብባችሁ ደብዳቤውን ከሚቀበሉት ጀምሩ። ቼቭኒንግ ራሱ በማመልከቻው ላይ የፈተና ውጤት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዩኒቨርሲቲው ነው። ዱኦሊንጎ የሚባለው የኢንተርኔት ፈተና ከአይኤልቲኤስ በጣም ይረክሳል፤ መካከል ላይ መብራት ቢሄድ ወይም ኔትወርክ ቢቆረጥ ግን ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። እሱን የምትወስዱ ከሆነ ጀነሬተር ያለው ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ፈልጉና እሑድ ጠዋት ቢሮውን ለምኑ።

ገንዘቡን እንዴት? እቁብ። ፓስፖርት በምታወጡበት ወር እንዲደርሳችሁ ሰብሳቢውን አስቀድማችሁ አናግሩ፤ ምክንያቱን ከነገራችሁት «ውሰድ አንተ መጀመሪያ» የሚል ሰው አይጠፋም። ከዘመድ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ከመለመን አንድ ሰው ለአንድ ነገር መጠየቅ ይሻላል። ለአጎታችሁ «ለትምህርቴ እርዱኝ» ካላችሁት «እግዜር ያውቃል» ይላል፤ «ለትራንስክሪፕቱ ይህን ያህል ብር ጎድሎኛል፣ እስከ ዓርብ መክፈል አለብኝ» ካላችሁት ግን ወይ ይሰጣል ወይ አይሰጥም፤ ነገሩ ይለያል። ውጭ አገር ያለ ዘመድም በደፈናው ከሚለመን የማመልከቻ ክፍያውን በካርዱ እንዲከፍልላችሁ ብትጠይቁት ይቀለዋል። ከሁሉ በፊት ግን ክፍያ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ካለ ኢሜይል ላኩና ነጻ እንዲያደርጓችሁ ጠይቁ፤ ሦስት መስመር ይበቃል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በተለይ ይህን ለምደውታል።

እዚህ ላይ ስለ ደላሎች መናገር ግድ ነው። ቼቭኒንግ፣ ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የቱርክ መንግሥትና ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም ለማመልከት አንድ ሳንቲም አያስከፍሉም። አንዳንድ የቻይና ዩኒቨርሲቲዎች ግን ያስከፍላሉ፣ እሱ ማጭበርበር አይደለም። መለያው ገንዘቡ የሚገባበት ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲው በራሱ ድረ ገጽ በካርድ ያስከፍላል። አንድ ግለሰብ በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ሒሳቡ «ለቦታ ማስያዣ ክፈሉ» ካላችሁ ግን ስልኩን ዝጉት። «ኮንሰልታንት» የሚባሉትም ቢሆኑ የሚሠሩት ፎርም መሙላት ነው፤ እሱን ራሳችሁ ትችላላችሁ። በዚያ ላይ ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን እነሱ ይይዛሉና ተቀባይነት ያገኛችሁበትን ደብዳቤ ላታዩት ትችላላችሁ።

መከራን መጻፍ

ወደ ድርሰቱ መጣን። ሞቲቬሽን ሌተር በሉት፣ ፐርሰናል ስቴትመንት በሉት፣ የተቸገረ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው ምንም አለመናገር ነው፤ ራስን ማወደስ ነውር ነው፣ ገበናን ደጅ ማውጣትም ነውር ነው ተብለን አድገናልና። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ለቅሶ። አንባቢው የሚያለቅስ ድርሰት በቀን መቶ ያያል። ሐዘኔታ አለው፣ ግን ገንዘቡን በሐዘኔታ አይሰጥም። የሚፈልገው ይህ ሰው በችግር ውስጥ ምን ዓይነት ሰው ሆነ የሚለውን ነው። ገንዘቡን ብሰጠው አንድ ነገር ያደርግበታል ወይ?

አንድ ናሙና እንይ። ብዙ ልጅ የሚጽፈው ይህን ነው፦

«አባቴ በልጅነቴ ስለሞተብኝ ብዙ መከራ አሳልፌያለሁ። ሆኖም ተስፋ ሳልቆርጥ በርትቼ በመማር ለዚህ በቅቻለሁ። አካውንቲንግ የልጅነት ሕልሜ ነው።»

ያው ልጅ ነገሩን ቢተርከው ይህን ይመስላል፦

«አባቴ ያረፈው ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ ጀመረች፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሒሳቡን እይዝ ነበር። ዱቤ የሚወስዱ ደንበኞች ሲበዙ ማን ስንት እንዳለበት በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። ሁለት ወር ስመዘግብ አንድ ነገር ታየኝ። ትርፋችንን ዱቤው ይበላዋል ስንል የኖርነው ልክ አልነበረም፤ የሚበላው ዓርብ ገዝተን ሰኞ የምንጥለው ቲማቲም ነበር። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት መግዛት ጀመርን፤ በዚያ ትርፍ የእህቴን የደብተር ወጪ ቻልን። አካውንቲንግ የመረጥኩት ከዚያ ደብተር ተነስቼ ነው።»

ሁለተኛው «መከራ» የሚል ቃል የለበትም። የአባት ሞት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ወሰደ። ጎበዝ ነኝ አላለም፤ ጎበዝ መሆኑን ግን አንባቢው ራሱ ደረሰበት፣ ነውርም አልሠራም። ለመጻፍ ስትቀመጡ ሦስት ጥያቄ መልሱ፦ ምን ደረሰ? እኔ ያኔ ምን አደረግሁ? ካደረግሁት ምን ተለወጠ? የመጀመሪያው መልስ አጭር፣ ሁለተኛው ረጅም ይሁን። ሦስተኛው ቁጥር ወይም ሰው ይኑርበት፤ «ማኅበረሰቤን አገለገልኩ» ባዶ ነው፣ «ለስድስት የሠፈር ልጆች ሒሳብ አስጠናሁ፣ አራቱ ወደ ቀጣዩ ክፍል አለፉ» ይታያል። እውነት የሆነውን ብቻ ጻፉ። ቃለ መጠይቅ ላይ «የልጆቹን ስም ንገረኝ» ይመጣል።

ክፉ ነገር የደረሰባችሁ፣ ስታስታውሱት የሚያማችሁ ከሆነ መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። «በዚያ ዓመት በደረሰብኝ ጉዳት ትምህርቴን አቋርጬ በሚቀጥለው ዓመት ተመለስኩ» ይበቃል። ማወቅ ያለባቸው መቋረጡንና መመለሳችሁን ነው። ውጤታችሁ አንድ ሴሚስተር ላይ ካዘቀዘቀ ወይም በጦርነቱ ምክንያት ፈተናው ዘግይቶባችሁ ዓመት ካለፈ እሱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ፤ ካልገለጻችሁት አንባቢው ስንፍና ነው ብሎ ይገምታል።

አካል ጉዳተኛ አመልካች ስለ ጉዳቱ ልጻፍ ወይስ ልተው ብሎ ይጨነቃል። የትነበርሽ ንጉሤን እናስብ። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ በሻሸመኔ የካቶሊክ ሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፤ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለች። ዓይነ ስውርነቷን ደብቃ አታውቅም፣ ሰው የሚያውቃት ግን በሠራችው ነው። ስለዚህ ጻፉት። በዚያውም የሚያስፈልጋችሁን ነገር በግልጽ ጠይቁ፦ የስክሪን ሪደር፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ተጨማሪ የፈተና ጊዜ። ትልልቆቹ ፕሮግራሞች ለዚህ የተለየ በጀት ይይዛሉ፤ ያልጠየቀ ግን አያገኝም።

ስለ ቻትጂፒቲ አጭር ቃል። ሰዋስው ለማረም ይረዳል። ሕይወታችሁን እንዲጽፍላችሁ ከጠየቃችሁት ግን ከመላው አፍሪካ የመጡ ሺህ አመልካቾች የሚልኩትን ድርሰት ይሰጣችኋል፤ አንባቢዎቹ ሁለተኛው መስመር ላይ ያውቁታል። በአማርኛ ጻፉ፣ ለሰው አንብቡ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መልሱ።

መምህራችሁን መጠየቅ

የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ አብዛኛው መምህር «አንተው ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» ይላል። ክፋት አይደለም፤ ጊዜ የለውም፣ ከመቶ ተማሪም አያስታውሳችሁም። ሙሉ ደብዳቤ ግን አትጻፉለት። አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጡት፦ የወሰዳችሁት ኮርስ፣ ያገኛችሁት ውጤት፣ በክፍል ያቀረባችሁት ሥራ፣ የምታመለክቱበት ፕሮግራምና የሚዘጋበት ቀን። ስትሄዱ እንዲህ በሉ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛ ሴሚስተር ስታቲስቲክስ ያስተማሩኝ ተማሪ ነኝ። የቡድን ሥራችንን እኔ ነበርኩ ያቀረብኩት። ለማስተርስ እያመለከትኩ ስለሆነ የሚያውቁኝን ያህል ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ እንዲያስታውሱኝ ይህን ይዤ መጥቻለሁ።» ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሻይ በሚጠጣበት ሰዓት ብቅ በሉ።

አንድ ቴክኒካል ነገር አለ። ብዙ ስኮላርሺፖች ደብዳቤውን በቀጥታ ከመምህሩ ኢሜይል ይጠይቃሉ፤ ጂሜይል ሲያዩ ይጠራጠራሉ። የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ካለው በእሱ እንዲልክ ለምኑት፤ የይለፍ ቃሉን ከረሳው አይሲቲ ክፍል ድረስ አብራችሁት ሂዱ። ይህን ያህል መድከም ተገቢ ነው።

ሰዓቱና ቃለ መጠይቁ

የሚዘጋበት ሰዓት በዩቲሲ 23:59 ከተባለ በእኛ ከሌሊቱ 8፡59 ነው፤ እሱም በማግስቱ። በዚያ ሌሊት ግን አታመልክቱ፤ መብራት ሊጠፋ፣ ኔትወርክ ሊቆረጥ ይችላል፣ የዓለም ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚጫነው ድረ ገጽ አለ። ከሦስት ቀን በፊት ጨርሱ። ቃለ መጠይቅ «በ2:00 ፒኤም» ሲባል ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ «2 ሰዓት» ብሎ በጠዋት ሲጠብቅ ከሰዓት ተኝቶ ያመለጠው ልጅ አውቃለሁ።

ጠያቂዎቹ ባብዛኛው ከድርሰታችሁ ነው የሚነሱት። ድርሰቱን ራሳችሁ ከጻፋችሁት ዝግጅቱ ያልቃል። ጥያቄውን ካልሰማችሁ «ይድገሙልኝ» ማለት ያስከብራል። በትሕትና ብዛት ሁሉን ሥራ «እኛ» ማለት ግን እዚህ ይጎዳል፤ እናንተ ያደረጋችሁትን «እኔ» በሉ።

ካልተመረጣችሁ፣ ያጋጥማልና፣ ያመለከታችሁበትን ድርሰትና ወረቀት ጠብቁት። የሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ ግማሹ ተሠርቷል። አንዳንዶቹ ለምን እንደቀራችሁ በኢሜይል ሲጠየቁ ይናገራሉ፤ አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። በዚያ መካከል ቁጭ አትበሉ፤ ሥራ ካገኛችሁ ሥሩ፣ የሥራው ሰዓት ለሚቀጥለው ይደመራል።

ደብዳቤው ሲመጣ

ደብዳቤው ሲመጣ ድግስ ከመደገስ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ቪዛውንና ቲኬቱን ማን ይከፍላል? ለብሪታንያ ቪዛ ለምሳሌ ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ ሰው አዲስ አበባ በአይኦኤም ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ አለበት፤ ቀጠሮው ይሞላልና ቀድሞ ይያዝ። ሁለተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆናችሁ የትምህርት ፈቃዱ የአገልግሎት ግዴታና ዋስ ያስፈርማል። ዋስ የሚሆንላችሁ ሰው ባትመለሱ ደመወዙ እንደሚያዝ በግልጽ ንገሩት፤ እናንተ ሳትነግሩት ከሌላ ከሚሰማ ይሻላል። ሦስተኛ፣ የኮስት ሼሪንጉ ዕዳ፤ አሁን ነው ጊዜው።

ከሁሉ የሚከብደው የቤቱ ንግግር ነው። ደመወዛችሁ እህታችሁን የሚያስተምር ከሆነ፣ እናታችሁ ስትሄዱ የሚጎድለውን ታውቃለች፤ አትጠይቃችሁም እንጂ። ቤተሰብ ሰብስባችሁ ከአጎት፣ ከታላቅ ወንድም፣ ከማኅበሩ ማን ምን እንደሚሸፍን ተስማሙ። የመጀመሪያው አበል ባንክ ሒሳብ ተከፍቶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወጥቶ እስኪገባ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ የምትበሉት ከዚህ ይዛችሁ የሄዳችሁትን ነው፤ ስለዚህ ለዘመድ ስጦታ ብላችሁ በርበሬና ሽሮ ብቻ ሳይሆን ጥቂት ዩሮም ያዙ። እናታችሁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ምንም እንደማትልኩ ከመሄዳችሁ በፊት ትስማው። ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ በወር ስንት እንደምትልኩ፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ስልክ፣ እሱንም ቁርጡን ንገሯት።